ካርዱ የእናታችን፣ ወሬው የኛ

ለደሴ ልጅ ሰኞ የቀን ስም ብቻ አይደለችም። ሰፈርም ናት፣ ገበያም ናት፣ የብዙ ቤት የሳምንት ቀለብም ናት። የኮምቦልቻው፣ የኩታበሩ፣ የሐይቁ ሰው ሁሉ የሚጋፋባት ቀን ናት። የዛሬዋ ደብዳቤ ጸሐፊም ከዚያው ከሰኞ ገበያ ነች። ደብዳቤዋን ሳነብ ሁለት ጊዜ አቋርጬ ውጪ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ እሷ ትናገር። ስሟንና እሷን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አውጥቼዋለሁ።

«እናታችን በርበሬና ቅመም ሸጣ ነው አራታችንንም ያሳደገችን። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ልብስ ስትቀይር ጡቷ ላይ እብጠት አየሁ። "መቼ ነው የጀመረሽ?" ስላት "ተይው እቴ፣ ከርሟል" አለችኝ። ለምኜ ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሙ እኔን አይቶ "ወንድ ልጅ የለም ከቤተሰቡ?" አለኝ። ታላቅ ወንድሜን ጠራሁት። ሁለቱ በር ዘግተው ተነጋገሩ። እኔና እናቴ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለናል። ወንድሜ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ለእናቴ "ትንሽ እጢ ናት አሉ፣ አዲስ አበባ ሄደሽ ትወጣልሻለች" አላት። ለኔ ማታ ነገረኝ። ካንሰር ነው።

እናቴ ግን "ለትንሽ እጢ ብዬ ነው አዲስ አበባ ድረስ የምሄደው? ሰኞዬንስ ማን ይቆምልኛል? ከበዓል በኋላ እናየዋለን" ብላ እምቢ አለች። ሪፈሩ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ 5ኛ ሳምንቱ ነው። ወንድሞቼ "ከነገርሻት ደንግጣ ትሞታለች፣ ደሟ በእጅሽ ነው" ይሉኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ እሷ በርበሬዋን እየሰፈረች በሽታው እየበላት ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው የእሷ ስም ነው፣ ወሬውን የምናውቀው ግን እኛ ነን። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ። መልሱን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ በየጋዜጣው እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ስለ መድኃኒቱ ምንም አልመክርሽም። ስለ ዝምታው ግን የማውቀው አለኝ፤ በቤቴ ደርሶብኛልና።

አባቴ ጉበቱን ታሞ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እንደናንተው ወሬው ለእኛ ተነገረ፣ ለእሱ "ጨጓራ ነው" ተባለ። አባቴ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንዲት የአጥር ቦታ ተጣልተው 7 ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። አንድ ቀን አልጋው ላይ ሆኖ «እስቲ ያንን ልጅ ጥሩልኝ» አለ። እኛ ተያየን። አጎታችንን ብንጠራው «አባቴ ሊሞት ነው» ብሎ ማመን መሰለን። «ስትድን ራስህ ትሄዳለህ» አልነው። ሌላ ቀን ደግሞ እኔን ብቻዬን ሲያገኘኝ «ልጄ፣ እኔ የገዛ ሆዴን አላውቀውም?» አለኝ። ሳቅሁ። አዎ፣ የሚያስቅ ነገር እንደተናገረ ሳቅሁ፤ ምን ልበለው? በ12ኛው ቀን አረፈ። አጎቴ ለቀብር መጣ። እንባውን እየጠረገ «ጠይቆኝ ነበር?» አለኝ። እስከ ዛሬ ያቺን ጥያቄ በደንብ አልመለስኳትም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ውጪ ያስወጣኝ ይኸው ነው።

* * *

እንግዲህ ወንድሞችሽ «ባህላችን ነው» ይላሉ። «ፈረንጅ ነው ፊት ለፊት የሚናገር» ይላሉ። እውነት ነው ወይ? እስቲ ትንሽ እንመልከት።

አሜሪካ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1961 ቺካጎ ውስጥ ሐኪሞች ተጠይቀው ነበር። ከ100ው 90 ያህሉ ካንሰር ለያዘው በሽተኛ በሽታውን አለመንገር ይሻላል አሉ። አዎ፣ አሜሪካኖች! ምክንያታቸውም የወንድሞችሽ ምክንያት ነበር፤ ተስፋ ይቆርጣል፣ ይደነግጣል። በ1979 ይኸው ጥያቄ እንደገና ሲጠየቅ 97 ከመቶው መንገር ይሻላል አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። ስለዚህ ፊት ለፊት መናገር ከፈረንጅ ደም ጋር አብሮ የተወለደ ነገር አይደለም። በሽተኞች መብታችን አሉ፣ መድኃኒቱም ተሻሻለ፣ ሐኪሞቹም ተማሩት።

ጃፓን ደግሞ ሌላ ነው። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ እ.ኤ.አ. በጥር 1989 ያረፉት በካንሰር ነበር። የንጉሡ ሐኪሞች ግን በሽታውን ለራሳቸው ለንጉሡ አልነገሯቸውም። ሕዝቡም ካንሰር መሆኑን በይፋ የሰማው ካረፉ በኋላ ነው። አያችሁ፣ ዙፋን ላይ መቀመጥም የገዛ በሽታን ስም ለማወቅ አልበቃም።

ወደ ራሳችን ሰዎች ስንመጣ፣ የውብዳር በየነ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 በዌስተርን ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጽፋ ነበር። አሜሪካ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ወሬ በሐኪም አፍ ድንገት ሲነገራቸው ምን ያህል ግራ እንደሚጋቡ አሳየች። ምክሯም ወሬው መጀመሪያ ለዘመድ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ይነገር የሚል ነበር። እዚህ ላይ ወንድሞችሽ «ይኸው!» ይላሉ። ቆይ፣ አልጨረስኩም። ዘመዱ ከሰማ በኋላስ? ዘመዱ ለበሽተኛው በተገቢው ሰዓት፣ በተገቢው ቦታ፣ በወጉ ይንገረው ነው የምትለው። በልቡ ይዞ ይቅር አላለችም።

እስቲ መርዶን አስቡት። የኛ ሰው መርዶ እንዴት ነው የሚያረዳው? ማታ አይነገርም፣ እንቅልፍ ይነሳል። በስልክ አይነገርም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ሰውየው የሚይዘው ሰው በአጠገቡ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፤ መርዶ ሳይነገር አይቀርም! ሳይነገር የቀረ እንደሆነ ባለመርዶው ዕድሜ ልኩን ይወቅሳል። እንግዲህ ባህላችን «አትናገር» አይልም። «በወጉ ተናገር» ነው የሚለው። እኛ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘን ሁለተኛውን ጣልነው።

* * *

አሁን አንድ ትልቅ ቃል ላምጣ። «ታካሚን ማዕከል ያደረገ ሕክምና» ይሉታል። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2001 ጥሩ ሕክምና ማሟላት ካለበት 6 ነገሮች አንዱ ይህ ነው ብሏል። በአጭሩ ሕክምናው የበሽተኛውን ፍላጎት፣ ችግርና እምነት ይጠይቅ፣ ያክብር ማለት ነው። በኛም አገር የጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከ4ቱ ዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299ም ባለሙያው ለታካሚው አስረድቶ ፈቃዱን እንዲያገኝ፣ ምስጢሩንም እንዲጠብቅ አዞ ነበር። ወረቀቱ ያምራል። ኮሪደሩ ላይ ግን ቃሉ በየቦታው ሌላ ትርጉም አለው።

ለምሳሌ ደሴ ለመታከም የሚመጣው የደሴ ሰው ብቻ አይደለም። ከአፋር ይመጣል፣ ከከሚሴና ከባቲ ይመጣል፣ ከሰሜን ወሎ ይመጣል። ከአፋር ለመጣች እናት ታካሚን ማዕከል ያደረገ ሕክምና ማለት መጀመሪያ ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው ማግኘት ነው። አስተርጓሚ ከሌለ ምን መብት አለ? «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» የሚለውን ሳይሰሙ «ተስማምቻለሁ» ብሎ መፈረም አለ እንዴ?

ለገጠር ነፍሰ ጡር ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነው። በፊት ጤና ጣቢያ አንወልድም ያሉት እናቶች ሰነፍ ሆነው አልነበረም። እቤት እናት አለች፣ ገንፎ አለ፣ ቡና አለ፣ ማርያም ማርያም የሚል ጎረቤት አለ። ጤና ጣቢያ ያለው ብርድ አልጋና ቁጣ ነበር። ታዲያ በየቦታው የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ ገንፎው እዚያው መገንፋት፣ ቡናው እዚያው መፈላት ሲጀምር ብዙ እናት ልቧ ተመለሰ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ብልሃቱ ይኸው ነበር። ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ የዚያው ቀበሌ ሴት ልጆች፣ ቤት ለቤት ሄዱ። ሰውን ወደ ሕክምና ከመጥራት በፊት ሕክምናውን ወደ ሰው መውሰድ ነው።

እምነትም አለ። በኛ በወሎ ጸበልም አለ፣ ዱዓም አለ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ሁለቱም አሉ። በሽተኛው ጸበል እንደጀመረ ለሐኪሙ አይናገርም፤ ይቆጣኛል ይላል። ሐኪሙም አይጠይቅም። መሃል ቤት መድኃኒቱ ይቋረጣል። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤድስ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ ስንቱ ሰው ከሁለት አንዱን ከመምረጥ ጭንቀት ተገላገለ! አንድ ጥያቄ በትሕትና መጠየቅ ስንት ነፍስ ያተርፋል መሰላችሁ።

ከዚያ ደግሞ አንቱታ አለ። ይህን እንግሊዝኛ የለውም። የበርበሬ ነጋዴዋን 60 ዓመት የሞላቸውን እናት የ23 ዓመት ልጅ «አንቺ፣ ነይ ግቢ» ስትላቸው ግማሹ ሕመም እዚያው ይጨመራል። «እናቴ፣ ይግቡ» ማለት ስንት ብር ያስወጣል? አንዳንዱ ደግሞ ሰውን በአልጋ ቁጥር ይጠራል። «7 ቁጥር ጉሉኮሷ አልቋል!» 7 ቁጥር ስም የላትም?

የሐኪሙንም ጎን እንይ እንጂ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ህዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የሕክምና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ታካሚም ሐኪምም ተበትኗል። ጓንት ለጎደለው፣ ደጁ ላይ ይህ ሁሉ ሰው ለተሰለፈበት ሐኪም «ቁጭ ብለህ አስረዳ» ማለት ቀላል አይደለም። የደከመ ሰው አጭር መንገድ ይመርጣል። አጭሩ መንገድ ደግሞ ወንድ ልጁን ጠርቶ በር ዘግቶ ነግሮ መገላገል ነው።

ለምን ወንድ ልጁን? ይህንን ብዙ አስቤበታለሁ። የሚከፍለው እሱ ስለሆነ ነው። በኛ አገር የሚታከመው አንድ ሰው አይደለም፤ ቤተሰብ ነው የሚታከመው። መድኃኒት የሚገዛው፣ ደም የሚለግሰው፣ ሾርባ የሚያመላልሰው፣ ወለል ላይ የሚያድረው አስታማሚው ነው። የጎረቤታችን የተሁለደሬ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበር። መድኑም ቢሆን የተመዘገበው በቤተሰብ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ለቤተሰብ መናገሩ ከሰማይ የወረደ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ቤተሰቡ ሲገባ በሽተኛዋ መውጣቷ ነው። አግዳሚው ላይ የቀሩት እናትሽ ናቸው። አንቺንም ሴት ስለሆንሽ እዚያው አስቀሩሽ። ይዘሻቸው የመጣሽው ግን አንቺ ነበርሽ።

* * *

አሁን ወደ መልሱ። እህቴ፣ ዝምታው እናትሽን ከድንጋጤ አላዳናቸውም። ከሕክምና ነው ያስቀራቸው። «ትንሽ እጢ» ከተባሉ ለትንሽ እጢ ሰኞን የሚተው ማነው? እኔም አልተውም። እምቢታቸው ግትርነት አይደለም፤ በተሰጣቸው ወሬ ልክ ትክክለኛ ውሳኔ ነው የወሰኑት። የተሳሳተው ወሬው ነው።

ደግሞ ላስፈራሽ አይደለም፤ የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር በብዛት የሚታየው ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ግን ሕክምና አለው፤ ቀዶ ጥገናም፣ መድኃኒትም፣ ጨረርም አለ። ጨረር ለብዙ ዓመት በኢትዮጵያ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ኋላ እንደ ጅማ ያሉ ተጨምረዋል። ስለዚህ ካንሰር ማለት መርዶ ማለት አይደለም። 5 ሳምንት ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ነው ወደ መርዶ የሚወስደው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው፦

መጀመሪያ ወንድሞችሽን ሰብስቢ። አትጣያቸው። እነሱም የሚወዷት እናት ናት፤ የፈሩት ፍቅራቸው ነው። «ልንገራት ወይስ አልንገራት?» ብለሽ አትጀምሪ፤ ወዲያው ወደ ጠብ ይሄዳል። «አዲስ አበባ እንዴት እንውሰዳት?» በያቸው። ሳይነገራት እንዴት ትሄዳለች የሚለውን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ሁለተኛ እናትሽን ጠይቂ እንጂ ቸኩለሽ አትንገሪ። ቡና አፍልተሽ፣ ጠዋት፣ ሰኞ ባልሆነ ቀን። «እማ፣ ሐኪሞቹ ብዙ ነገር አውቀዋል። ሁሉንም መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለኛ ትተይዋለሽ?» በያት። ይህች ጥያቄ ናት ዋናዋ። «ሁሉንም ንገሩኝ» ካሉ መብታቸው ነው። «እኔ አልፈልግም፣ ለታላቅሽ ይንገሩት፣ እናንተ ያላችሁትን አደርጋለሁ» ካሉም መብታቸው ነው። ያኔ ልጁ የሚያውቀው እሳቸው ስለወከሉት ነው። ከአሁኑ ጋር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ደግሞም አይግረምሽ፤ እብጠቱን ወራት የደበቁ ሴት ምን እንደሆነ ሳይጠረጥሩ አልደበቁም። እኔ የገዛ ሆዴን አላውቀውም ወይ ያለኝን ሰው አስታውሺ።

ሦስተኛ የሚናገረውን ሰው ምረጪ። እናትሽ የሚሰሙት ማንን ነው? ነፍስ አባታቸውን? ሼሁን? የ30 ዓመት የገበያ ጓደኛቸውን? ከአንቺና ከወንድምሽ ይልቅ አጠገባቸው ሚጥሚጣ የምትሸጠው ሴት ትሻል ይሆናል።

አራተኛ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፣ ግን እናትሽን ይዛችሁ። በሩ ላይ «ወንድ ልጅ» ቢባል በትሕትና «ዶክተር፣ ታማሚዋ እሳቸው ናቸው፤ መስማት እንፈልጋለን ብለዋል፣ እኛም አብረን እንሰማ» በሉ። ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ምን ደረጃ ላይ ነው? ምን ሕክምና ይደረጋል? ስንት ጊዜ መመላለስ ነው? ስንት ይፈጃል? ባይታከሙስ? ብዙ ሐኪም ጥያቄ የያዘ ሰው ሲያይ ይቆጣል ብላችሁ አትፍሩ፤ አብዛኛው ደስ ይለዋል።

አምስተኛ ሰኞን አትርሺ! እናትሽ «ሰኞዬን ማን ይቆምልኛል?» ብለዋል። እናንተ ምክንያት መሰላችሁ። እኔ ግን ጥያቄ ነው የምለው። ማን ይቆምላቸዋል? የደንበኛ ብድር ማን ይሰበስባል? ቦታውን ሌላ እንዳይዘው ማን ይጠብቃል? አንቺ ትቆሚያለሽ? ታናሽሽ? ይህን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ታካሚን ማዕከል ማድረግ ማለት የኔ ትርጉም ይኸው ነው፤ ለበሽተኛው የሚያስጨንቀው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቆ ከዚያ መጀመር። ለአሜሪካዊው ወረቀቱ ላይ መፈረም ይሆናል። ለአፋሯ እናት ቋንቋዋ ነው። ለወላዷ ገንፎዋ ነው። ለእናትሽ ደግሞ የሰኞ መደባቸው ነው።

ለእናንተም አንባቢዎቼ አንድ ነገር። ወጣት ስለሆንን የሆስፒታል ካርድ የያዝን አይመስለንም። ግን ነገ ኮሪደሩ ላይ ቆመን በሩ ሲዘጋ የምናየው እኛው ነን፤ ወይ ከውስጥ ወይ ከአግዳሚው። እስቲ ዛሬ ማታ እናት አባታችሁን ጠይቋቸው፤ «ብትታመሙ ለማን እንዲነገር ትፈልጋላችሁ?» «አፍህን በጨው ታጠብ!» ቢሏችሁም አትቀየሙ፤ ጥያቄዋ ከውስጣቸው ትቀራለች። አንድ ቀን መልሷን ራሳቸው ያመጧታል።

እህቴ፣ የሆነውን ጻፊልኝ። መጥፎም ቢሆን ጻፊልኝ። በሚቀጥለው ሰኞ መደቡ ላይ በርበሬውን የምትሰፍሪው አንቺ ብትሆኚ፣ እናትሽም በአውቶቡስ መስኮት ደሴን ቁልቁል እያዩ ቢሄዱ፣ እኔ ያኔ ለአጎቴ ያልመለስኩትን ጥያቄ ግማሹን እንደመለስኩ እቆጥረዋለሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን። ደህና ሰንብቱ።